ሦስት ሜትር ከሃያ

ጋሽ ማንደፍሮ መሞታቸውን የሰማሁት ገርጂ፣ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ውስጥ ነው። የስዕል ወረቀት ልገዛ ገብቼ ባለሱቁ፣ «ያ ሰውዬአችሁ እኮ አረፉ፤ ትናንት ነው የተቀበሩት» አለኝ። ወረቀቱን እየጠቀለለ ስለነበር ቀና ብሎ አላየኝም። ከፍዬ ወጣሁ። መልሴን እንዳልተቀበልኩ ያስታወስኩት መንገዱን ከተሻገርኩ በኋላ ነው።

በማግሥቱ ለቅሶ ደረስኩ። ድንኳኑ ውስጥ የሚወራው ሁሉ ስለ መለካት ነበር። አንድ ጎረቤታቸው እንዲህ ብለው አወሩ፦ ጋሽ ማንደፍሮ አንድ ቀን ቀበሌ ገብተው፣ «አጥሬ ሰው ቦታ ላይ አሥራ ሁለት ሳንቲም ገብቷል» ብለው አመለከቱ። ሊቀ መንበሩ «ከሳሹ ማነው?» አላቸው። «እኔ።» «ተከሳሹስ?» «እኔ ነኝ አልኩህ እኮ! ቶሎ ጻፍና ልሂድ፤ ቆርቆሮ የሚነቅል ሰው አስቁሜ ነው የመጣሁት።» ባለቦታው እኚሁ ጎረቤት ነበሩ። «ኧረ ይቅር፣ ጋሼ፣ ለአሥራ ሁለት ሳንቲም ብላቸው፣ 'አንተን ማን ጠየቀህ?' ብለው ተቆጡኝ» ሲሉ ድንኳኑ በሳቅ ተሞላ። ወዲያው ደግሞ ሴቶቹ አለቀሱ።

እኔም ሳቅሁ። የማውቀውን ግን አላወራሁም። እኔ የማውቀው ጋሽ ማንደፍሮ የሐሰት ቁጥር የጻፉበትን ጊዜ ነው። አሁን ደርግ ወድቋል፤ በዚህ ወሬ የሚታሰር ሰው የለም። እሳቸውም የሉም። ስለዚህ እንደነበረ እጽፈዋለሁ።

በቅየሳ ክፍሉ ሜትር ያዥ ሆኜ የተቀጠርኩት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ፣ ሒሳብና የፕላን ስዕል ከአሮጌ መጻሕፍት ለብቻዬ ስለቃቅም የኖርኩ ልጅ ነበርኩ። ጋሽ ማንደፍሮ የክፍሉ አንጋፋ ቀያሽ ናቸው። ረጅም፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ፣ በጋም ክረምትም አንድ ጥቁር ካፖርት የማይለያቸው ሰው። የሚጽፉበትን፣ ሲረጥብ ወይን ጠጅ ቀለም የሚሆን ኮፒያ እርሳስ በምላሳቸው እያራሱ ስለሚጽፉ ከንፈራቸው ሁልጊዜ ወይን ጠጅ ነው። መጀመሪያ ቀን ሳያቸው የታመሙ መስሎኝ ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። እኔ የሜትሩን ቀለበት ይዤ ከማዕዘኑ ላይ እለጥፋለሁ፤ እሳቸው ሜትሩን እየሳቡ ወደ ሌላው ጫፍ ይሄዳሉ። ከዚያ ጮክ ብለው «ዜሮ?» ይላሉ። ቀለበቱ በትክክል ማዕዘኑ ላይ ከሆነ «ዜሮ!» ብዬ እመልሳለሁ። እኔ «ዜሮ» ካላልኩ አያነቡም። አንድ ጊዜ እጄ ትንሽ ተንሸራቶ ሳለ «ዜሮ» ብያቸው ከየት እንዳወቁ አላውቅም፤ አርባ ሜትር ያህል ተመልሰው መጥተው፣ «ቁጥሩን የምናገረው እኔ ነኝ፤ የምትምለው ግን አንተ ነህ» አሉኝ። ቃላቸው ሦስት ቀን እንቅልፍ ነሣኝ።

ክፍሉ ውስጥ እሳቸው ያቆሙት ሌላም ሥርዓት ነበር። ማንኛውም ሰው፣ ተላላኪም ቢሆን፣ ፕላን ላይ የማይገጥም ቁጥር ካየ በቀይ እርሳስ ከጎኑ ይጽፋል። አያስፈቅድም፣ ይቅርታም አይጠይቅም። የተጻፈበት ሰው ሄዶ እንደገና ይለካል። «ቀይ እርሳስ አንቱ አይልም» ይሉ ነበር። በእሳቸው ፕላን ላይ ግን ቀይ ሲጻፍ ያየ ሰው አልነበረም።

ወደ ግንቡ ልምጣ። ከገርጂ ወደ አያት ሲኬድ፣ ያኔ ቤት የሚባል ነገር ሳይኖር፣ እርሻው መሐል አንድ ጉብታ አለ። በላዩ የቆመውን ፍርስራሽ አገሬው «ግንቡ» ብቻ ነው የሚለው። ማን እንዳሠራው በእርግጥ የሚያውቅ የለም። ከግራኝ ዘመን በፊት የነበረ ንጉሥ የክረምት ሰፈሩ ነበር የሚሉ አሉ፤ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ነበር የሚሉም አሉ። ጋሽ ማንደፍሮ ይህን ሁሉ አዳምጠው፣ «እሺ፤ እኛ ድንጋዩ የሚለውን እንጻፍ» ይላሉ። ድንጋዩ የሚለው ይህን ነው፦ ኖራ የሌለው በጭቃ የተያያዘ ቀይ ጥርብ ድንጋይ፤ በየሁለት ክንዱ የበሰበሰ አግዳሚ እንጨት የነበረበት ቀዳዳ፤ ጣሪያ የሌላቸው ሁለት ክፍሎች። ሁለቱ ክፍሎች በመሐላቸው በር የላቸውም፤ እያንዳንዱ በራሱ በር ወደ ውጭ ይወጣል። በምሥራቅ በኩል የግድግዳው አናት ፈርሶ ላዩም ሥሩም የድንጋይ ክምር ሆኗል፤ ክምሩን ደግሞ የሰው ቁመት ያህል ሳማ ውጦታል።

መሥሪያ ቤቱ ግንቡን አፍርሶ በድንጋዩ የእህል መጋዘን ሊሠራ አስቦ ስለነበር ስንት ሜትር ኩብ እንደሚወጣው ለክታችሁ አምጡ ተባልን። የአንድ ቀን ሥራ ነበር። ጋሽ ማንደፍሮ ግን እሑድ እሑድ በራሳቸው ጊዜ እየሄዱ እያንዳንዱን የድንጋይ ረድፍ መሳል ጀመሩ። «ከፈረሰ በኋላ የሚቀረው ይሄ ወረቀት ነው» አሉኝ። እኔም ተከተልኳቸው። ሌላ የምሄድበት አልነበረኝም።

በመጀመሪያው እሑድ አዴ ጉዲቱን አገኘናቸው። ቤታቸው ከጉብታው ሥር ነው። የሸክላ ሳህን ይዘው ወጥተው ከሳማው አጠገብ አስቀመጡ፤ የባቄላ ንፍሮ ነበር።

«ለማን ነው፣ አዴ?» አሏቸው ጋሽ ማንደፍሮ።

«ለታሠረው።»

«የትኛው የታሠረ?»

«ንጉሡ ወንድሙን ውስጥ አስገብቶ በሩን በድንጋይ ዘጋበት። ዙፋኔን ይወስዳል ብሎ። አያቴም ለእሱ ታስቀምጥ ነበር፣ እናቴም። ጦርነት ሲበዛ ይተነፍሳል። ዘንድሮ ብሶበታል።»

«እና ይበላል?»

«ማታ አስቀምጬ ጠዋት ሳህኑን ባዶ አገኘዋለሁ።»

«ቀበሮ ይሆናላ።»

አዴ ጉዲቱ በንቀት አዩአቸው። «ቀበሮ ሳህን ያጥባል እንዴ?»

ጋሽ ማንደፍሮ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። አዴ ጉዲቱ ሲመለሱ የያዙትን ያለፈውን ቀን ሳህን አይቼው ነበር። ከክረምቱ ጭቃ መሐል የተነሣ ሳህን ነው፤ ግን ንጹሕ ነበር፣ ጠርዙ ላይ የውኃ ጠብታ ነበረበት።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ አንድ ነገር አስተውል ነበር። አንድ ቀን ዝናቡ አባርቶ ድንጋዩ ሁሉ እንደ በረዶ በቀዘቀዘበት ሰዓት በምሥራቅ በኩል መዳፌን ግድግዳው ላይ ባሳርፍ ሞቅ አለኝ። ሌላ ቀን ሳማው ነፋስ ሳይኖር ተነቃነቀ። የጭስ ሽታ የመጣበትም ጊዜ ነበር፤ ዙሪያውን ብመለከት ጭስ የለም። ለጋሽ ማንደፍሮ ብነግራቸው፣ «ጭስ በሜትር አይለካም፤ ሥራህን ሥራ» አሉኝ።

በአምስተኛው እሑድ ይመስለኛል፣ እሳቸው እንደ ልማዳቸው በጣታቸው አንጓ ግድግዳውን እያንኳኩ ይሄዱ ነበር። የግድግዳ ውስጡ ድፍን ይሁን ክፍት በድምፁ ያውቃሉ። እኔ ከምዕራቡ ማዕዘን ላይ ሆኜ አያቸዋለሁ። ምሥራቁ ጋ ሲደርሱ ሦስት ጊዜ አንኳኩ። ቆሙ። ጆሯቸውን ወደ ድንጋዩ አስጠጉ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ዝናብ እየጣለ ለረጅም ጊዜ ባዶ ራሳቸውን ቆሙ። ሲመለሱ ፊታቸው ተለውጦ ነበር። «ዛሬ ይብቃን» አሉ። በዚያው ሳምንት ፕላኑን ብቻቸውን ጨርሰው ለጽሕፈት ቤት በሚያልፍ ማኅደር ውስጥ አስቀመጡት።

ማኅደሩን ወደ ጽሕፈት ቤት የማደርሰው እኔ ነበርኩ። ከማድረሴ በፊት እንደ ልማዴ ቁጥሮቹን ደመርኩ። የውስጡ ክፍሎችና የግድግዳዎቹ ውፍረት ሲደመር አሥራ አንድ ሜትር ከአርባ ነው። በውጭ በኩል የተጻፈውም አሥራ አንድ ሜትር ከአርባ ነው። ሒሳቡ በሚገባ ገጥሟል። ነገር ግን በውጭ በኩል ስንለካ ቀለበቱን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ጋሽ ማንደፍሮ ጮክ ብለው ያነበቡትም አሥራ አራት ሜትር ከስድሳ ነበር። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሦስት ሜትር ከሃያ የት ገባ?

ልጠይቃቸው እችል ነበር። ሥርዓቱ ግን አይጠየቅም ነው የሚለው። እንዲያውም ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። በጋሽ ማንደፍሮ ፕላን ላይ ቀይ የምጽፍ የመጀመሪያው ሰው እኔ ልሆን ነው፤ እሳቸውም በኔ ይኮራሉ ብዬ አሰብኩ። እርሳሴን ቀርጬ በምሥራቁ ጫፍ እንዲህ ጻፍኩ፦ «14.60 አልነበረም ወይ? 3.20 ይጎድላል።» ማኅደሩን ጽሕፈት ቤት አደረስኩት።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ የመሥሪያ ቤቱ የፖለቲካ ኃላፊ ጓድ ልሳኑ ፕላኑን ይዞ ክፍላችን ገባ። ወጣት ነው፤ ጫማው ሁልጊዜ ያበራል።

«ጓድ ማንደፍሮ፣ ይሄ ቀይ የማን ነው?»

ጋሽ ማንደፍሮ ጎንበስ ብለው አዩ። እኔ ከጠረጴዛዬ ሆኜ ፊታቸውን እያየሁ ነበር። የጠበቅሁትን ኩራት አላየሁም። ወይን ጠጅ ከንፈራቸው ሲነጣ አየሁ።

«የልጁ ነው» አሉ።

«ሦስት ሜትር ማለት እኮ አንድ ክፍል ማለት ነው። ከዚያ አካባቢ ጥቆማ ደርሶናል። ከብሔራዊ ውትድርና የሸሹ እዚያ ግድም እንዳሉ። በሩ የማይታይ ክፍል ካለ ለማወቅ እንፈልጋለን።»

«ልጁ ተሳስቶ ይሆናል።»

«ነገ ሦስት ሰዓት ላይ እኔው ባለሁበት ይለኩልኝ። እሱም ይምጣ፣ ቀለበቱን ይያዝ። ያኔ የተሳሳተው ማን እንደሆነ እናያለን።»

ያ ጊዜ የአፈሳ ጊዜ ነው። ከገበያ፣ ከአውቶቡስ ፌርማታ፣ ከኳስ ሜዳ ወጣት እየታፈሰ ወደ ማሠልጠኛ፣ ከዚያ ወደ ሰሜን ይጫናል። እኔ የተረፍኩት በኪሴ ባለው የመሥሪያ ቤት መታወቂያ ነው። በአዴ ጉዲቱ መንደር አንድም ወጣት ወንድ አይቼ እንደማላውቅ የገባኝ ያን ጊዜ፣ ጓድ ልሳኑ በሩን ዘግቶ ሲወጣ ነው። ሸሽቶ የተያዘ ምን እንደሚደርስበት ሁላችንም እናውቃለን።

ሌሎቹ ወጥተው ሁለታችን ስንቀር ጋሽ ማንደፍሮ ወንበራቸውን ሳብ አድርገው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ» አሉኝ። «ሦስት ጊዜ ተመለሰልኝ።»

«ስንት ናቸው?»

«አልቆጠርኩም። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ፣ መቁጠር አልፈለግሁም።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«አንተ ትጽፈዋለህ ብዬ አላሰብኩማ። ልትጽፍ ትችላለህ ብዬ ማሰብ ነበረብኝ፤ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። ነገ ቀለበቱን የምትይዘው አንተ ነህ። ይህን አድርግ ብዬ አላዝህም። አንተም እናት አለችህ።»

ተነሥተው ካፖርታቸውን ደረቡ።

በማግሥቱ ሦስት ሰዓት ላይ በላንድሮቨር ደረስን። ጓድ ልሳኑ፣ አንድ ጠመንጃ ያነገበ ጠባቂ፣ ጋሽ ማንደፍሮ፣ እኔ። ካፊያ ነበር። ጋሽ ማንደፍሮ ከወትሮው ወፈር ብለው ታዩኝ፤ ጉብታውን ሲወጡ ያልባቸው ነበር። አዴ ጉዲቱ መኪናዋን አይተው ቀድመውን ወጥተዋል።

«አትንኩት!» ይላሉ። «የነካው ሰው ዓመት አይሞላውም።»

«እናት፣ አድባርና ቆሌ ቀርቷል» አላቸው ጓድ ልሳኑ እየሣቀ። «አልሰሙም?»

«እናንተ አልነገራችሁትም እንዴ? እሱ አልሰማም፣ ይተነፍሳል።» ወደ ጠባቂው ዞሩ። «አንተ ልጄ፣ ሚስት አለችህ?»

ጠባቂው ሁለቱን ክፍሎች ፈጥኖ አይቶ፣ ምንም የለም ብሎ ወደ መኪናው አጠገብ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ አላለም። ጓድ ልሳኑ ከጋሽ ማንደፍሮ ጋር በምዕራቡ ማዕዘን ቆመ፤ ቁጥሩን በዓይኑ ሊያይ። እኔ ቀለበቱን ይዤ ወደ ምሥራቅ ሄድኩ። የድንጋዩን ክምር እንዳለፍኩ ከእነሱ ዕይታ ወጣሁ።

ማዕዘኑ ጋ ደረስኩ። ቀለበቱን ለጠፍኩበት። እጄ ራሱ ነው የለጠፈው፤ ሁለት ዓመት የለመደው ሥራ ነው። አፌን ከፍቼ «ዜሮ» ልል ነበር። ያን ጊዜ ከድንጋዩ ውስጥ፣ ከደረቴ ትይዩ፣ ሳል ሰማሁ። ሙሉ ሳል አይደለም፤ በጨርቅ የታፈነ፣ ሊወጣ ሲል የተዋጠ። ከዚያ ትንፋሽ። እንደሮጠ ሰው በአፍ የሚወጣ ፈጣን ትንፋሽ። ከዚያ ጭርታ። እነሱም የእኔን እየሰሙ እንደነበር ገባኝ።

ቀለበቱን ከማዕዘኑ ነቀልኩ።

ከክርኔ እስከ መሐል ጣቴ አርባ ስድስት ሳንቲም ነው፤ ከተቀጠርኩ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሳማው ፊቴን እየለበለበኝ ክንዴን ግድግዳው ላይ እያነጠፍኩ ቆጠርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ድንጋዩ ሞቃት ነበር። አራት፣ አምስት። ውስጥ ያለው ሰው ከእኔ ጋር እየተራመደ ይመስለኝ ነበር፤ ልብስ ድንጋይ ሲታከክ ይሰማኛል። ስድስት፣ ሰባት። ሰባት ጊዜ አርባ ስድስት ሦስት ሜትር ከሃያ ሁለት ነው። ሁለት ሳንቲም ወደ ኋላ መለስኩ። ቀለበቱን እዚያ ለጠፍኩ።

«ዜሮ?» አሉ ጋሽ ማንደፍሮ ከወዲያ። ድምፃቸው እንደ ወትሮው ነው።

«ዜሮ!» አልኩ።

ሜትሩ ተወጠረ።

«አሥራ አንድ ከአርባ» አሉ። ቀጥሎ የጓድ ልሳኑ ድምፅ፦ «አሥራ አንድ ከአርባ። ልክ ነው።»

ስመለስ ጓድ ልሳኑ ፕላኑን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ቀዩን ጽሑፌን በእስክሪብቶ ሰርዞ እየፈረመበት ነበር። «አንተ ደግሞ» አለኝ፣ «የስምንተኛ ክፍል ሒሳብህን ድጋሚ ተማር።» ስብሰባ ስላለበት ቸኩሎ ከጠባቂው ጋር ሄደ። ጋሽ ማንደፍሮ በእግራችን እንወርዳለን አሉ።

ከዓመታት በኋላ፣ መጋዘኑም ሳይሠራ ቀርቶ፣ መንግሥትም ተቀይሮ፣ ገበሬዎቹ ድንጋዩን እየወሰዱ ግድግዳውን ከፍተውት ሄጄ አይቻለሁ። በሳማው ሥር ሰው በሆዱ የሚሳብበት ቀዳዳ ነበረ። ክፍሉን ለካሁት፤ ሁለት ሜትር ከአሥር ነው ስፋቱ፤ የቀረው የግድግዳው ውፍረት ነው። ወለሉ ላይ የበሰበሰ ጭድ ነበር። የድሮው ንጉሥ ክፍሉን ለምን እንዳሠራው አላውቅም። ማንንም እንዳስገባበት የሚያሳይ ነገር አላየሁም፤ እንዳላስገባበት የሚያሳይም አላየሁም። አዴ ጉዲቱ የተደበቁት ስንት ልጆች እንደነበሩ፣ የማን ልጆች እንደነበሩ ሲጠየቁ፣ «የታሠረው ነው እንጂ ሌላ ማን ነበረ» ከማለት ሌላ አይመልሱም። ጋሽ ማንደፍሮም እስኪሞቱ ሌላ አልነገሩኝም።

ያን ቀን ግን የመኪናዋ ድምፅ እስኪጠፋ ጠበቅን። ጋሽ ማንደፍሮ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ቀለበቱን እንደማነሣው በምን አወቁ?» አልኳቸው።

«አላወቅሁም።»

ካፖርታቸውን ፈቱት። በውስጡ ኮት፣ በኮቱ ውስጥ ሁለት ሹራብ፣ ከሹራቦቹ ሥር ሁለት ሸሚዝ ለብሰዋል። ሱሪያቸውም ሁለት ነው። ከካፖርቱ ኪስ ሳሙና፣ ፎጣና አንድ መፋቂያ አወጡ። የሚታሠር ሰው ተዘጋጅቶ ሲወጣ የሚይዘው ይህንን ነው። ሚስታቸው ጠዋት የት ይሄዳሉ ብለው እንዳሰቡ አላውቅም።

«ሙቀቱ ገደለኝ» አሉ።

አንዱን ሹራብ አወለቁ። ወፍራም፣ በእጅ የተሠራ ቡኒ ሹራብ ነው። በጥንቃቄ አጠፉት፤ እጅጌውን ከእጅጌው፣ ጠርዙን ከጠርዙ ጋር አገጣጠሙ። ሳሙናውን መሐሉ ላይ አድርገው ወደ ምሥራቁ ሄዱና ከሳማው አጠገብ ካለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀመጡት። አላንኳኩም። ከዚያ ክንዴን ያዙኝና መውረድ ጀመርን።

አርባ እርምጃ ያህል ስንሄድ ዞር አልኩ። አዴ ጉዲቱ ወደ ቤታቸው ገብተዋል፤ በጉብታው ላይ ሰው አልነበረም፤ ሳማውም አልተነቃነቀም። ሹራቡ የተቀመጠበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ባዶ ነበር፣ ካፊያው እየጣለበት ነበር።

«ጋሼ፣ ሹራቡ…»

«አትዙር» አሉኝ።